ዋካንዳ እኛ ከሆንን

«ብላክ ፓንተር» የተባለው የማርቭል ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ለሕዝብ አስታውቀዋል፤ ፊልሙ በወጣበት ዕለት ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ሁለቱ ነገሮች በምንም አይገናኙም። ይሁንና ፊልሙ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ሐዋሳ ሲደርስ፣ ዙፋን ስለሚነጥቅና ለዙፋን ስለሚታመን ሰው የሚተርክ ታሪክ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጋገርበት ወቅት ማየታችን ጆሯችንን አስልቶት ነበር። አቶ ኃይለ ማርያም ቀድሞ የደቡብ ክልልን ከዚህችው ከተማ ሆነው ያስተዳደሩ ሰው በመሆናቸው የፊልሙ ወሬና የአገሩ ወሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቅረባቸው አልቀረም።

በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ደጋግሞ የተነሣው፣ ዛሬም ፊልሙ በተወሳ ቁጥር የሚነሣው፣ «ዋካንዳ እኛ ነን» የሚለው አባባል ነው። አባባሉን አልንቀውም። ማንም ቅኝ ያልገዛት፣ በተራሮች የተከበበች፣ ነገሥታቷን ከራሷ ያወጣች አፍሪካዊት አገር በስክሪን ላይ ስትታይ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ራሱን ባያይ ነበር የሚገርመው። የታየበት ወር ራሱ የካቲት 12ና የካቲት 23 የሚታሰቡበት፣ ሰማዕታትና ዐድዋ ተከታትለው የሚመጡበት ወር ነው። ነገር ግን አባባሉን ከልብ ካልነው እስከ ጫፉ ልንሄድበት ይገባል። ፊልሙ ዋካንዳን የሚያሞግሳትን ያህል ይከስሳታል፤ ዋካንዳ እኛ ከሆንን ክሱም የሚመለከተው እኛን ነው። ስለ ውዳሴው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ክሱ ግን በእኛ ዘንድ የተባለው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ልበል።

ፊልሙን ላላዩ ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዋካንዳ ቫይብራኒየም በሚባል ብርቅ ማዕድን የበለጸገች፣ ሆኖም ለዓለም ድሃ የእረኞች አገር መስላ የተሰወረች መንግሥት ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 ንጉሥ ትቻካ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ ወንድሙን ይገድላል፤ ወንድሙ የአገሪቱን ምስጢር ለውጭ ሰው አሳልፎ ሰጥቷልና። የሟቹን ትንሽ ልጅ ግን እዚያው ጥሎት ይመለሳል። ያ ልጅ አድጎ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ግድያን ተምሮ፣ ኪልሞንገር የሚል ስም ይዞ ይመጣና በአባቱ ወንድም ልጅ በትቻላ ላይ ዙፋን ይጠይቃል። ጥያቄው የሚፈታው በፏፏቴ ዳር በሚደረግ የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ነው፤ ያሸነፈ ይነግሣል።

እኔን ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ ከዚያ ፍልሚያ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ነው። ኪልሞንገር አሸንፎ ነግሧል። የንጉሡ ሴት ዘቦች አዛዥ የሆነችውን ኦኮዬን የትቻላ ወዳጅ ናኪያ አብራት እንድትሸሽና አገሯን እንድታድን ትለምናታለች። ኦኮዬ እያለቀሰች እንቢ ትላለች፤ የምታገለግለው ዙፋኑን እንደሆነና በላዩ ማንም ቢቀመጥ ታማኝነቷ እንደማይለወጥ ትናገራለች። በሰፈራችን የሚኖሩ፣ በደርግ ዘመን ወታደር የነበሩ አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር ፊልሙን ሲያዩ አብሬያቸው ነበርሁና እዚህ ላይ ሲደርስ እንዲያቆሙት አዘዙ። «እውነቷን ነው፤ ወታደር ለወንበሩ ነው» አሉ። ልጃቸው ናኪያን ደግፋ «አባዬ፣ ወንበሩ ላይ የወጣው ሰው አገሩን የሚያቃጥል ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሚያውቁት ጦር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲበተን ማየታቸውን፣ እያንዳንዱ ወታደር ልቡ የወደደውን ገዥ ልምረጥ ያለ ቀን አገር የሚባል ነገር እንደማይቀር አስረዷት። እኔም «ጋሼ፣ ሕዝቡስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለረጅም ጊዜ ሲያስቡ ቆይተው ፊልሙ ይቀጥል አሉ።

ፊልሙም ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ኦኮዬ በመጨረሻ በኪልሞንገር ላይ የምትነሣው ትቻላ አለመሞቱ ሲታወቅ፣ ፍልሚያው ገና አላለቀም ተብሎ በሥርዓቱ ሕግ መሠረት ነው። ገዥው ክፉ ስለሆነ ብቻ ወይም ሕዝቡ ስላልፈቀደው አይደለም። ትቻላ በእርግጥ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ኦኮዬ ኪልሞንገር ወደ ዓለም የሚልካቸው፣ የጦር መሣሪያ የጫኑ የአየር መርከቦች ሲነሡ ቆማ ታይ ነበር ማለት ነው። በዋካንዳ ባቡር በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በጥይት የተመታ ሰው በአንድ ሌሊት ይድናል፤ ንጉሡ ማን ይሁን የሚለውን ግን የሚወስነው የሁለት ሰዎች ጡንቻ ነው። የነገድ ሽማግሌዎች በጉባኤ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ቢሆንም ለፍልሚያው ፈቃድ ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን የላቸውም። ገበያው ውስጥ የምናየው ሕዝብ አንድም ቃል አይናገርም።

እዚህ ላይ የሐዋሳ ተመልካች ከሌላው ይልቅ የሚለው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ። በዙሪያችን ያለው የሲዳማ ሕዝብ ሶንጎ በሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጦ፣ ነገርን አድምጦና አከራክሮ በመስማማት የሚፈታ ሥርዓት አለው፤ በሉዋ ሥርዓትም የአመራር ኃላፊነት ከአንዱ የዕድሜ ትውልድ ወደ ሌላው በተራ ይተላለፋል። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም እንዲሁ ሥልጣንን በጊዜ የገደበ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች እንከን የለሽ ናቸው አልልም፤ ሴቶችና እንደ ሸክላ ሠሪዎች ያሉ የእደ ጥበብ ወገኖች በሶንጎ እኩል ድምፅ ሳይኖራቸው ኖረዋል። ሆኖም ንግግርን ከጦር ያስቀደሙ የአፍሪካ ፈጠራዎች ናቸው። የፊልሙ ሠሪዎች ለልብሱ፣ ለከበሮው፣ ለጸጉር አሠራሩ አህጉሩን አስሰዋል፤ ወደ አስተዳደሩ ሲመጡ ግን ከአፍሪካ ያገኙት ንጉሥና ድብድብ ብቻ ሆነ። ከሁሉም የፊልሙ ጉድለቶች ይህ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም አፍሪካ ብቻዋን ብትተው ምን ትሆን ነበር ብሎ ሊያልም የተነሣ ሥራ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ የሌሎችን ሐሳብ ደግሞልናል።

እኛም ከዚህ አናመልጥም። ዘውድን በ1967 ዓ.ም. ያስወገደች አገር ልጆች ከአርባ ዓመት በኋላ ለንጉሥ ስናጨበጭብ ያስጨበጨበን የዐድዋ ኩራት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኩራቱም የእኔም ነው። ዳሩ ግን ከዐድዋ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ የዚያው መንግሥት ጦር ወላይታን በብርቱ ውጊያ አስገብሮ ንጉሡን ካዎ ጦናን ማርኳል። ከዚያ በኋላ በደቡብ የተዘረጋው የገባር ሥርዓት ምን ያህል ትውልድ በሌላ ሰው እርሻ ላይ እንዳስጎነበሰ የሐዋሳ ሰው ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ከአያቱ ሰምቶታል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በሕግ ጨርሶ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ያልተገዛች አገር በውስጧ የተገዙ ሰዎች ነበሯት። ዋካንዳ ከአምስቱ ነገዶቿ አራቱ ተስማምተው የኖሩባት ተደርጋ የተሣለችው ስለዚህ ጉዳይ ምንም ላለማለት ነው፤ ምባኩ የሚመራው የተራራው ነገድ ለምን ተገልሎ እንደኖረ እንኳ ፊልሙ በቅጡ አይነግረንም።

አሁን ወደ ኪልሞንገር ልምጣ፤ ስለዚህ ፊልም የተደረገው ክርክር ሁሉ የሚያጠነጥነው በእሱ ላይ ነውና። ማይክል ቢ. ጆርዳን የተጫወተው ይህ ሰው በዙፋኑ ክፍል እጁን ታስሮ ቆሞ የሚናገረው ነገር ቀላል ነው፦ በዓለም ዙሪያ የእኛው ወገን የሆነ ስንት ሕዝብ ሲሰቃይ፣ ሁሉ ያላችሁ እናንተ የት ነበራችሁ? በአሜሪካ በርካታ ጥቁር ጸሐፊዎች ፊልሙን የተቹት፣ ይህን እውነተኛ ጥያቄ ያነሣው ዋነኛ አፍሪካ አሜሪካዊ ገጸ ባሕርይ አውሬ ተደርጎ መቅረቡ ስለቆረቆራቸው ነው። እኔም እስማማለሁ። ፊልሙ ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ ከዚያ ፍቅረኛውን በገዛ እጁ እንዲገድል፣ ባልቴት አንገት እንዲያንቅ፣ የተቀደሰውን የአትክልት ስፍራ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ተመልካቹ ከሰውየው ክፋት ጋር ጥያቄውንም እንዲጥል ይገፋፋል።

ሆኖም ፊልሙን በዚህ ብቻ መዝጋት ለራያን ኩግለር ፍትሐዊ አይሆንም። ዳይሬክተሩ የኦክላንድ ልጅ ነው፤ ለጥቁሮች መብት የታገለው የጥቁር ፓንተሮች ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተባት ከተማ። ትቻላ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ አባቱንና አያቶቹን ፊት ለፊት ተሳስታችኋል፣ ለዓለም ጀርባችሁን መስጠታችሁ ስሕተት ነበር ሲላቸው፣ የኪልሞንገር ጥያቄ ከገዳይ አፍ ወጥቶ ወደ ንጉሥ አፍ ይገባል። ለአባቶች ክብር ስንል ስንት ነገር ሳንናገር ለምናልፍ ለእኛ፣ አንድ ልጅ የነገሥታት አባቶቹን ሲወቅስ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ፊልሙ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለውም።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን ሲቀርብ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን የደረሱልን የተበተኑት ልጆች ናቸው። በሐርለምና በቺካጎ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጡ፣ ለመዝመት ተመዘገቡ፤ ጆን ሮቢንሰን የተባለው አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሞተ። ኪልሞንገር ዋካንዳን የት ነበራችሁ ይላታል፤ እኛን ግን እነሱ «እኛ ደርሰንላችሁ ነበር፣ እናንተስ?» ሊሉን ይችላሉ።

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ከሐዋሳ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ኢትዮጵያን ለረዱ ጥቁር ሕዝቦች ምስጋና እ.ኤ.አ. በ1948 በሻሸመኔ መሬት ሰጡ፤ ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ራስ ተፈሪያውያንም ሰፈሩበት። ከአብዮቱ በኋላ መሬቱ በአዋጅ ሲወረስ ከእጃቸው አብዛኛው ወጣ። ከዚያም ከአንድ ትውልድ በላይ በዚህ ምድር ወልደው፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሳድገው፣ ብዙዎቹ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራቸው ኖሩ፤ መንግሥት ለማኅበረሰቡ መታወቂያ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ወደ ሐዋሳ ሲመጡ በገበያ፣ በሐይቁ ዳር፣ በመናኸሪያ አግኝተናቸው እናውቃለን። «ጃማይካዎቹ» እንላቸዋለን፤ እዚሁ የተወለዱትንም ጭምር። ኪልሞንገር በዙፋኑ ክፍል ማን እንደሆነ እንዲጠይቁት የሚወተውትበትን ትዕይንት እዚህ አካባቢ ሆኖ የሚያይ ሰው፣ ወገናችሁ ነኝ ብሎ የመጣን ሰው በር ላይ ማቆም ምን እንደሆነ በዐይኑ ያየው ነገር ነው። «ዋካንዳ እኛ ነን» ሲባል እኔ መጀመሪያ የማስበው ሻሸመኔን ነው።

ወደ ሙዚየሙ ትዕይንት የምመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በእሱ ላይ ያለን መብት የማያሻማ ነውና። ኪልሞንገር በለንደን ሙዚየም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ መሣሪያ እያየ፣ አስጎብኚዋ ከቤኒን የመጣ ነው ስትለው፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ከቤኒን ቢወስዱትም የተሠራው በዋካንዳ መሆኑን ይነግራታል፤ ያኔስ በተገቢው ዋጋ የተገዛ ይመስልሻል ብሎም ይጠይቃታል። እንግሊዞች ቤኒንን በእ.ኤ.አ. 1897 እንደዘረፉ ሁሉ መቅደላንም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዘርፈዋል፤ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉበት ዕለት የተጀመረው ዝርፊያ የተጓዘው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ነው። ብዙዎቹ ብራናዎች በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የወርቁ ዘውድና ጽዋ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ማንም እንዲያያቸው የማይፈቀዱ 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ወር የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ዕቃዎቹን ለዕይታ አቀረበ፤ ዳይሬክተሩም በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊላኩ እንደሚችሉ ተናገረ። የተዘረፈውን ለባለቤቱ ማዋስ! እንዲህ ያለ ሐሳብ በአደባባይ በሚቀርብበት ዓመት ሚሊዮኖች ያንን ትዕይንት ማየታቸው ብዙ ጥናታዊ ጽሑፍ ያልሠራውን ሥራ ሠርቷል። ያም ሆኖ ፊልሙ እዚህም ልማዱን አልተወም። ጥያቄውን የጠየቀው ሰው አስጎብኚዋን መርዟታል፤ ጠያቂው ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ነው ከሙዚየሙ የሚወጣው። ብራናዎቹ እንዲመለሱ ለዓመታት ደብዳቤ የጻፉ፣ ማኅበር ያቋቋሙ፣ በሕግ የተከራከሩ ሰዎች ዓይነት ጠያቂ በፊልሙ ውስጥ የለም።

የሲአይኤው ሰው ኤቨረት ሮስ ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ኪልሞንገር የነበረበት ክፍል ከሲአይኤ ጋር ሆኖ ሥልጣን በሚሸጋገርበት ወቅት አገሮችን ሲያተራምስ እንደነበር በራሱ አንደበት የሚነግረን እሱ ነው፤ ያም ሆኖ በመጨረሻ የመሣሪያ መርከቦቹን መትቶ ከሚያድኑት አንዱ ይሆናል። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ራሱ ሲአይኤ የኮንጎውን መሪ ፓትሪስ ሉሙምባን ለመግደል ማቀዱን እ.ኤ.አ. በ1975 ያረጋገጠበትን አህጉር ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ይህን በቀላሉ ሊውጠው አይችልም።

አልባሳቱን በተመለከተ ግን ከብዙ ተቺዎች እለያለሁ። ፊልሙ ለሰባት ኦስካሮች ታጭቶ ሦስቱን ሲያሸንፍ አንዱ የሩት ካርተር የአልባሳት ሽልማት ነበር፤ በዚህ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ በከንፈሩ ገል አድርጎ ይታያል። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ገል የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ይህን ሰው ወንድ ማድረጋቸው ባሕሉን የሚያውቀውን ቅር ያሰኛል። ነገር ግን ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ የሙርሲ ሴት ፎቶ በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ፣ በየአስጎብኚ ድርጅቱ በራሪ ወረቀት ላይ ሲሰቀል ያየን ሰዎች ነን። እዚያ የምትታየው ለጎብኚ ፎቶ ለመነሣት ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ከንፈሩ ላይ ገል ያለው ሰው ከንጉሥ ጋር ለምክር ተቀምጧል፤ በእኛ ፖስተሮች ላይ አንድም ጊዜ እንዲህ አድርገን አላሳየናቸውም።

ትቻላን የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በ43 ዓመቱ በካንሰር ሞተ፤ ሁለተኛው ፊልም በ2022 ያለ እሱ ወጣ። በዚያም ዙፋኑ ባዶ ሲቀር ምባኩ ለፍልሚያ ቀርቦ ይታያል፤ ሕዝቡ በዚህም አልተጠየቀም። በመጨረሻ ግን ትቻላ በሄይቲ ወንድ ልጅ እንደነበረው፣ ልጁም እዚያ ቱሳን ተብሎ እንደሚጠራ እንረዳለን። ስሙ ከባሪያዎቹ አመፅ መሪ ከቱሳን ሉቨርቱር የተወሰደ ነው፤ ሄይቲ ደግሞ ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ ልጇ ከዐድዋ በኋላ በዓመቱ አፄ ምኒልክ ዘንድ የመጣባት፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያም በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ በወኪሏ በኩል ለኢትዮጵያ የተሟገተች አገር ናት። የፊልሙ ሠሪዎች ባርነትን ያስወገደ ሕዝብ መሪን ስም ለአልጋ ወራሽ ሰጥተዋል። ሦስተኛው ፊልም ሲመጣ እኔ የምጠብቀው ይህ ልጅ በፏፏቴው ዳር ማንን እንደሚጥል አይደለም፤ በሄይቲ ያደገ ልጅ ዋካንዳ ሲገባ ልጃችን ነህ ይሉት ወይስ ኪልሞንገርን እንደተቀበሉት ይቀበሉት እንደሆነ፣ እሱስ ያንን ዝም ያለ የገበያ ሕዝብ አፍ አውጥቶ እንዲናገር ይጠይቀው እንደሆነ ነው።